ስለ ዓሣ ማታለያ ቀለም

በዋሺንግተን ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነው ጥቂት ዓመታት የተቀመጡ አንድ ወዳጃችን፥ የዕረፍት ቀናቸውን ከልጃቸው ጋራ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ዓሣ በማጥመድ ያሳልፉ ነበር። በዚያ ወንዝ እጅግ የሚፈለገው ባስ የሚባለው ዓሣ ነው፤ ይኸውም አፉ ሰፊ፥ ጐኑ አረንጓዴ፥ በውሃ ሣርና በወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ የሚያድን ስለ ሆነ፥ በሐይቆቻችን ከምናውቀው ከቆሮሶ ጠባዩ ይለያል። የሚያዘውም ብዙ ጊዜ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ በተሠራ፥ መንጠቆ በተሰካበት ማታለያ ነው። ወዳጃችንም የዚህን ነገር ሲያጫውቱን በቤታቸው ክርክር ተነሥቶ እንደ ነበር ነገሩን።

አባትየው ቅርፊቱ ሳይቀር አንድ በአንድ የተሣለ፥ ዓይኑ የሚያበራ፥ ከሕያው ዓሣ የማይለይ ማታለያ ባዩ ቍጥር ሳይገዙ አይመለሱም። ሣጥኑ ሞላ፤ ባለቤታቸውም የቤቱን ወጪ ሲጽፉ «ዓሣውን ከገበያ ብንገዛው ስንት በተረፈን» እያሉ በትሕትና ይወቅሱ ጀመር። ልጁ ግን ከአንድ ጥቍር የላስቲክ ትልና ከአንድ ነጭ ማታለያ በቀር ሌላ አልነበረውም።

ለአባትየው የሚመሰክር ታሪክ አለ። በ1932 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ጆርጅ ፔሪ የተባለ የጆርጂያ ገበሬ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፥ ማለት ከ10 ኪሎ ጥቂት የሚያልፍ ባስ ያዘ፤ ማታለያውም ትንሽ ዓሣ መስሎ የተሠራ እንደ ነበር ይነገራል። ዓሣውን ቤተ ሰቡ በልቶታል ይባላል፤ የዓለም ታላቅ ባስ በድስት መግባቱ የዚህን ገጽ አንባቢዎች ደስ ሳያሰኝ አይቀርም። በ2009 ዓ.ም. ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ ከዚያ በጥቂቱ የሚበልጥ ቢይዝም፥ ደንቡ ቢያንስ የ2 አውንስ ብልጫ ስለሚጠይቅ ሁለቱ እኩል ተብለው ተመዘገቡ። ኩሪታ ያጠመደው በሕያው ዓሣ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ መልክ ደግሞ የለም። በፊንላንድም ላውሪ ራፓላ በ1936 ዓ.ም. ከቡሽ የቀረጸውን ማታለያ በቸኮላታ መጠቅለያ ብር ወረቀት የለበጠው፥ የትንሽ ዓሣ ብልጭታ እንዲኖረው ብሎ ነው።

ይሁን እንጂ ማታለያውን የሚመለከተው ዓሣው ነውና የዓሣውን ዓይን መጠየቅ ይገባል። በ1937 ዓ.ም. ፍራንክ ብራውን የተባለ መርማሪ በኢሊኖይ ባሶችን ቀለም እንዲለዩ አሠልጥኖ፥ አስተያየታቸው ሰው በብጫ መስተዋት ሲያይ እንደሚያየው ያህል ነው ብሎ ጻፈ። በ2019 ዓ.ም. ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ምርመራ ደግሞ፥ በባስ ዓይን ውስጥ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ብቻ እንደ ሆኑ፥ አንዱ ለአረንጓዴ፥ ሁለተኛው ለቀይ እንደሚነቃ ገለጸ። ስለዚህ ቀይንና አረንጓዴን አጥርቶ ያውቃል፤ ሰማያዊን ከጥቍር፥ ደማቁንም ብጫ ከነጭ መለየት ግን ይቸግረዋል። ወዳጃችን በሱቅ ውስጥ በሰማያዊና በጥቍር መካከል ሲያመነቱ ቆይተው ሁለቱንም ገዝተው እንደ ወጡ ሲያወሩን፥ ሳቃችንን መመለስ አልቻልንም።

ከዓይኑ ቀጥሎ ውሃው አለ። በጠራ ውሃ ቀዩ ብርሃን ጥቂት ሜትር እንደ ወረደ ይደክማልና፥ ከላይ ቀይ የነበረው ማታለያ በጥልቁ ጠቍሮ ይታያል። ውሃው በደፈረሰ ጊዜ ደግሞ የቅርፊት ሥዕል ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ዓሣው የሚያገኘው የማታለያውን ጥላና እንቅስቃሴ ስለ ሆነ ጥቍር ወይም ደማቅ ብጫ ይሻላል። ነገር ግን ውሃው ጠርቶ፥ ዓሣው ቀርቦ ለመመርመር ጊዜ ሲያገኝ፥ እንደ ትናንሽ ዓሦች ጀርባው የጠቈረ፥ ሆዱ የነጣ ማታለያ ይመረጣል። በእኛ ግምት መጠኑና አካሄዱ ከቀለሙ ይበልጣሉ፤ ሱቆቹ ግን ቀለሙን ያሳያሉ።

ወዳጃችን ወደ አገራቸው ሊመለሱ፥ ልጁ ግን ለትምህርት እዚያው ሊቀር አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ወረዱ። ሌሊቱን ዝናም ጥሎ ወንዙ ደፍርሶ ነበር። አባት እስከ ቀትር ድረስ ሰባት የተሣሉ ዓሦች ለዋወጡ፤ አንድም የነካላቸው የለም። ልጁ አባቱን ላለማሳፈር ዝም ብሎ ቆይቶ፥ በመጨረሻ ጥቍሩን ትል በሁለት እጁ ይዞ «አባባ፥ ዛሬ ውሃው ደፍርሷልና ይህን ይሞክሩት» አላቸው። ጥቂት አመነቱና ተቀበሉት። ሁለተኛ ሲወረውሩ ክሩ ተወጠረ፤ ዘንጉንም ለልጁ ሰጥተው ዓሣውን እርሱ አወጣው፤ ካዩትም በኋላ ወደ ውሃው መለሱት።

ባለ ብዙ ቀለሙን ሣጥን ለልጁ ትተውለት መጡ። ትሉን ግን ይዘውት ስለ ተመለሱ፥ በጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ ከቀለሙ ብልቃጥ አጠገብ ተቀምጦ አይተነዋል።