ከሱስ እየወጣችሁ ኑሮ ሲከብዳችሁ

ጫት ወይም መጠጥ አቁማችሁ ሳለ የኑሮ ውድነቱ፣ የሰፈር መፍረስና የጦርነት ወሬ እንቅልፍ ቢነሳችሁ፣ አምሮቱም ቢመለስ፣ ደካሞች ስለሆናችሁ አይደለም። የተጨነቀ አእምሮ ቶሎ የሚያሳርፈውን፣ የለመደውን ነገር ይፈልጋል።

እንደ አእምሮ ጤና ባለሙያ የምመክረው ይህን ነው፦

1. ጫት ካቆማችሁ በኋላ ድካም፣ ድብርትና ዱካክ የተለመዱ ናቸው፤ ቀስ በቀስም ይቀንሳሉ። ድብርቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሐኪም ይየው።

2. ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው ብቻውን በድንገት አያቁም። መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊከተል፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። በሐኪም ክትትል ያቁም።

3. አምሮቱ ሲነሳ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ርቦኛል? ተናድጃለሁ? ብቻዬን ነኝ? ደክሞኛል? መጀመሪያ ለጎደላችሁ ነገር መልስ ስጡ። አምሮት ማዕበል ነው፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል።

4. ወደ ቤት ስትሄዱ በጫት ቤቱና በግሮሰሪው በኩል አትለፉ፤ መንገድ ቀይሩ። ዜናም በቀን አንዴ ይበቃል።

5. ተሳስታችሁ ከቃማችሁ ወይም ከጠጣችሁ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩ። አንድ ቀን መሳሳት የለፋችሁበትን ሁሉ አያጠፋም።

በአዲስ አበባ፣ ከመገናኛ ብዙ ሳይርቅ፣ የካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሂዱ።

ቤተሰቦች ሆይ፣ ስድብና ዛቻ ማንንም አያድንም። አብራችሁ ቁሙ።