ብርድን የሚያቃጥል እሳት የሚያደርገው የባሕር መርዝ

በየካ በሾላ ገበያ በርበሬ ሲሰፈር በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ዓይኑ እንደሚያነባ፥ አፍንጫውም እንደሚቃጠል ለነጋዴዎቻችን የተሰወረ አይደለም። እንዲሁም ጉንፋን የያዘው ሰው ከእንጦጦ ጋራ የመጣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ሲታጠን፥ እንፋሎቱ ትኩስ ሆኖ ሳለ አፍንጫውን ቀዝቀዝ ይለዋል። በርበሬው እሳት የለውም፤ ቅጠሉም በረዶ የለውም። ታዲያ ይህ ስሜት ከወዴት ይመጣል?

ምክንያቱ በነርቮቻችን ጫፍ ላይ ነው። በዚያ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ እጅግ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ይገኛሉ። አንደኛው በር ሙቀት ከ43 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ይከፈትና የማቃጠልን ወሬ ወደ አንጎል ይልካል፤ በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለው ቅመምም ይህንኑ በር ይከፍተዋል። ሌላው በር በቅዝቃዜ የሚከፈት ሲሆን፥ የናናና የባሕር ዛፍ ዘይት ይነካካዋል። የፊተኛው በር እ.ኤ.አ. በ1997፥ የኋለኛው በ2002 ተለይተው ታወቁ። ስለዚህም ሥራ ዴቪድ ጁልየስና አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የበርበሬና የቅጠሉ ማታለል ለጥቂት ጊዜ ነው። በባሕር ግን ከዚህ የከፋ አለ፤ ይኸውም ሲጓቶክሲን የተባለው መርዝ ነው። በሞቃት ባሕሮች በኮራል ድንጋይ ላይ የሚበቅል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ፍጥረት የመርዙን ሥር ያበጃል። ይህንን ትንሹ ዓሣ ይግጠዋል፤ ትንሹን ትልቁ ይውጠዋል፤ መርዙም እየተጠራቀመ እንደ ባራኩዳና ግሩፐር ባሉ ታላላቅ ዓሦች ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። የበላው ሰው ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋል፥ ከንፈሩም ይደነዝዛል። መርዙ የነርቭን የሶዲየም በሮች ሳይዘጉ ስለሚያቆያቸው፥ ነርቮቹ ያለ ምክንያት ወሬ ይልካሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካ እንደ እሳት የሚያቃጥል መሆኑ ነው። ይህም ስሜት ሳምንታትን፥ አንዳንድ ጊዜም ወራትን ይቆያል። መርዙን የሚያፈርስ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ሐኪም የሚረዳው ሕመሙን በማስታገሥ ነው።

ይህ ነገር ንግዳችንን እንዴት ይነካል ቢባል፥ መልሱ ግልጽ ነው። ከሐይቆቻችን የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ስለ ሆነ ይህ መርዝ አያሠጋውም። በረዶ ሆኖ ከውጭ የሚገባው የኮራል ባሕር ዓሣ ግን ጥንቃቄ ይሻል። መርዙ ሽታም ቀለምም ጣዕምም የለውም፤ ማቀዝቀዝ፥ መቀቀል፥ ጨው መንስነስም ሆነ በጢስ ማድረቅ አያጠፋውም። ስለዚህ ዕቃው ጥሩ ሆኖ ታየኝ፥ ሸተተኝም ማለት ዋስትና አይሆንም።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት የዓሣውን ዓይነትና የተያዘበትን ባሕር በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ከኮራል ባሕር የተያዙ እጅግ ታላላቅ ዓሦችን ቢተው ይሻለዋል። ባለ ሱቁም ከየትኛው ጭነት እንደ ሸጠ በመዝገቡ ይያዝ። ደንበኛው ዓሣ በልቶ ቀዝቃዛ ውኃ አቃጠለኝ ብሎ ቢመጣ፥ ነገሩን እንደ ቀልድ ሳይቆጥር ወደ ሐኪም ይላከው፤ የቀረውንም ዓሣ ሳይሸጥ ለምርመራ ያቆየው። የአንድ ሣጥን ዓሣ ኪሣራ በሚቀጥለው ጭነት ይተካል፤ የደንበኛ ጤናና እምነት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በቀላሉ አይመለስም።