ክርስትና፣ ተዝካርና የክብር መዝገብ፦ ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ለደብረ ታቦር ነዋሪዎች የቀረበ ገለጻ



የዛሬው ገለጻዬ ሁላችንም የሚያስፈልገንን፣ ነገር ግን ችግር ሲገጥመን ብቻ የምናስታውሰውን አንድ የቀበሌ አገልግሎት ይመለከታል፤ ይኸውም የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ሆኖም ያው ሕግ በቁጥር 3361 ድንጋጌዎቹ ወደፊት በትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ እንዳይሠራባቸው በማድረጉ፣ መዝገቡ በወረቀት ላይ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን ዕድሜያችንን የያዘልን የእናቶቻችን ትዝታ ነበር።

አዋጁ ሁለት የጊዜ ገደቦችን አስቀምጧል፤ ልደት በ90 ቀናት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። እነዚህን ቁጥሮች በራሳችን ባህል ብንለካቸው ለማስታወስ ይቀላሉ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በሙስሊም ቤተሰቦችም ዐቂቃው በ7ኛው ቀን ይወጣል። ሁሉም ከገደቡ በፊት ይውላሉ። እንግዲህ የድግሱ ሽር ጉድ እንዳበቃ ወደ ቀበሌ መሄድ ነው። የሴት ልጅ ወላጆች ግን ከክርስትናው በኋላ የሚቀራቸው 10 ቀን ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

በሞት ጊዜ ስሌቱ ይገለበጣል። የ40 ቀን ተዝካር እስኪወጣ የሚጠብቅ ቤተሰብ ገደቡን በ10 ቀን ያሳልፋል። ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል፤ ማስረጃ ማሰባሰቡ ግን ይከብዳል።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ አበል ወይም ውርስ ስትጠይቅ ጋብቻውንም ሞቱንም እንድታስረዳ ትጠየቃለች። ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ሲጠይቅ፣ ልደቷ ያልተመዘገበ ልጃገረድ ዕድሜ ግን በሽማግሌዎች ግምት ሊወሰን ይችላል። በእኛ አካባቢ ያለዕድሜ ጋብቻ ስንቷን ከትምህርት ገበታ እንዳስቀረ የምናውቅ ሰዎች፣ ያቺ አንዲት ወረቀት ምን ያህል ጋሻ እንደምትሆን እንረዳለን።

ስለ አሠራሩ ሦስት ነገሮችን ላሳስብ። አንደኛ፣ ምዝገባው የሚከናወነው በመደበኛ መኖሪያ ቦታ ነው፤ ከፋርታ መጥታ ደብረ ታቦር የወለደች እናት የልጇን ልደት የምታስመዘግበው በምትኖርበት ቀበሌ ነው። ሁለተኛ፣ ከጤና ተቋም ስትወጡ የልደት ወይም የሞት ማሳወቂያ ወረቀቱን ተቀበሉ። ሦስተኛ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ በልደት ምስክር ወረቀትና በትምህርት ማስረጃ ላይ ሲለያዩ ግን ባለቤቱን ያንከራትታሉ። የክርስትና ስምና የዓለም ስምም አይቀላቀሉ።

በመጨረሻም የእድር ዳኞችንና ጸሐፊዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሐዘንተኛ ቤት ከማንም ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። ድንኳኑ ሲነሣ «ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨምሩ፣ የብዙ ባልቴቶችንና ወላጅ አልባ ልጆችን እንግልት ታስቀራላችሁ።