አርክቴክት ለመሆን ምን ይጠየቃል? ከገዳሪፍ ጥቁር አፈር ተነሥቶ የአምስት ዓመቱን ትምህርት ማወቅ

ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ገላባትን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበትን ሰፊ ሜዳ ያቋርጣል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ እኛ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ላይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለገበሬው በረከት የሆነው ይህ አፈር ለግንበኛው ፈተና ነው። በላዩ የቆመን ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ መሠረቱ በዕውቀት ካልተሠራ ግድግዳው ከማዕዘን እስከ መስኮት ይሰነጠቃል።

በዚህ ድንበር ወዲህና ወዲያ ቤት የሚሠራ ሰው አፈሩን፣ ፀሐዩን፣ ዝናቡን፣ እሳቱንና ሕጉን ማወቅ አለበት። ለአርክቴክቸር ዲግሪ የሚጠየቁት ነገሮች የበዙትም ለዚህ ነው። በካምፓስ ደጃፍ ለሚቆም ወጣት ዝርዝሩ የእንቅፋት ክምር ሊመስለው ይችላል። አንድ በአንድ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ኮርስ ወደፊት በዚያ ቤት ለሚኖር ሰው የቆመ ዋስትና ነው።

አምስት ዓመት ለምን?

ሮማዊው ቪትሩቪየስ ከ2,000 ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፍ አርክቴክት ሥዕልን፣ ጂኦሜትሪን፣ ታሪክን፣ ሕግን፣ ሕክምናን፣ ሙዚቃን ሳይቀር እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። በዘመናችን ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የአርክቴክቶች ኅብረት ያወጡት የአርክቴክቸር ትምህርት ቻርተር የትምህርቱ ዘመን ከአምስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት እንዳያንስ ያሳስባል። በኢትዮጵያም በሱዳንም የመጀመሪያ ዲግሪው የሚወስደው ጊዜ ይኸው አምስት ዓመት ነው።

የሁለቱ አገሮች ትምህርት ቤቶች ዕድሜም ተቀራራቢ ነው። በአዲስ አበባ፣ ልደታ፣ በስዊድን መንግሥት ትብብር የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፈተ። ቦታው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ግቢ ነው። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ክፍል የተቋቋመው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር እንግሊዛዊው አሊክ ፖተር ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መቀሌን ጨምሮ በሌሎች የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርቱ ይሰጣል።

ከመግቢያው እስከ ስቱዲዮው

በኢትዮጵያ ወደዚህ ትምህርት የሚገባው 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ያጠናቀቀና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ነው። በመጀመሪያ ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች አሉ፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ሎጂክ፣ እንግሊዝኛ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ። ከእነዚህ ውስጥ አንትሮፖሎጂና ጂኦግራፊ ለአርክቴክት የተለየ ጥቅም አላቸው። ሰው እንዴት እንደሚኖር ያልገባው ሰው መኖሪያ መንደፍ አይችልም።

ከዚያ በኋላ የትምህርቱ ልብ ስቱዲዮ ነው። የዲዛይን ኮርሶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ የታችኛውን ያላለፈ የላይኛውን አይወስድም። ተማሪው በእጅ ሥዕል ይጀምራል፤ ፕላን፣ ሴክሽንና ኤሌቬሽን መሣል፣ ከካርቶን ሞዴል መሥራት ይማራል፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሸጋገረው በኋላ ነው። «ሥዕል ካልቻልኩ አልገባም ማለት ነው?» ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። እጅ በልምምድ ይፍታታል፤ ከሥዕል ችሎታ ይልቅ የሚያስፈልገው የማየት ትዕግሥት ነው።

የስቱዲዮ ፈተና ጁሪ ይባላል። ተማሪው ሥራውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በመምህራንና በተጋበዙ ባለሙያዎች ፊት ይቆማል፤ በሩ ለምን በዚህ በኩል እንደሆነ፣ ደረጃው ለምን እዚህ እንደተቀመጠ ያስረዳል። ከባድ ሰዓት ነው። ሆኖም ነገ የሰው ገንዘብና የሰው ሕይወት የሚያርፍበትን ውሳኔ የሚወስን ሰው ምክንያቱን በአደባባይ ማስረዳት መልመድ አለበት።

አፈር፣ ፀሐይና ዝናብ

ከስቱዲዮው ጎን የሳይንሱ ኮርሶች ይሄዳሉ፤ የግንባታ ዕቃዎች፣ የግንባታ ዘዴ፣ ስትራክቸር፣ የአየር ንብረትና ሕንፃ። አርክቴክቱ የስትራክቸር መሐንዲሱን ሥራ አይተካም። ነገር ግን ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ ጭነትን እንዴት ተቀባብለው ወደ መሬት እንደሚያወርዱ ካላወቀ የሚሥለው ቤት ወረቀት ላይ ይቀራል።

የገዳሪፍ ሜዳ ለነዚህ ኮርሶች ክፍት መጽሐፍ ነው። በዋልካ ላይ የሚሠራ ሰው ሁለት ሦስት መንገድ አለው፦ የሚያብጠውን አፈር ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ መሠረቱን እርጥበትና ድርቀት ከሚፈራረቁበት ጥልቀት በታች ማውረድ፣ ወይም ቤቱ አንድ ሆኖ እንዲንቀሳቀስ በብረት የተጠናከረ መሠረት መሥራት። የጣሪያውን ውሃ ከግድግዳው አርቆ ማፍሰስም ግድ ነው፤ በቤቱ ሥር የሚጠራቀም ውሃ ያንኑ አፈር ያሳብጣልና።

ፀሐዩም የራሱ ሒሳብ አለው። ገዳሪፍ በሰሜን ኬክሮስ 14 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ አጋማሽ ወዲያ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ያልፋል፤ በቀረው ዓመት በደቡብ ነው። ስለዚህ ረጅሙ የቤቱ ጎን ሰሜንና ደቡብን እንዲያይ፣ መስኮቱም ጥላ የሚሰጥ ክፈፍ እንዲኖረው ይደረጋል። ዝቅ ብሎ የሚመታውን የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚቀበለው አጭሩ ጎን ነው። የቆርቆሮ ክዳን በዚህ ሙቀት ቶሎ ይግላል፤ ሣር ሙቀት ይመልሳል፣ እሳት ግን አይመልስም። ተማሪው ይህን ሁሉ አመዛዝኖ መወሰን ይማራል።

የአገር ቤት መለካት

የታሪክ ኮርሶች ላሊበላንና የፋሲል ግንብን ብቻ አያስተምሩም። ተማሪው ሜትር ይዞ የአገሬውን ቤት እንዲለካና እንዲሥል ይጠየቃል፤ ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ የክዳኑን ዘንበል። የእኛ ጎጆና ሱዳኖች ጉጥያ የሚሉት ክብ ቤት እኅትማማች ናቸው። ክብ ግድግዳ በትንሽ ዕቃ ብዙ ወለል ይከብባል፤ ሾጣጣው የሣር ክዳን ዝናቡን ፈጥኖ ያወርዳል።

የዚህ ሥራ ዋጋ የታየው እዚያው ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለችው ስዋኪን ከኮራል ድንጋይ በተሠሩ ቤቶቿ የታወቀች ወደብ ነበረች። ቤቶቹ ሲፈርሱ፣ በካርቱም የሥነ ጥበብ መምህር የነበረው ዣን ፒየር ግሪንሎ እየለካ ሣላቸው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1976 በመጽሐፍ ወጣ። ዛሬ የድሮዋ ስዋኪን አብዛኛው ክፍል ፍርስራሽ ነው፤ ቤቶቹ እንዴት እንደተሠሩ የምናውቀው በአመዛኙ ከእነዚያ ሥዕሎች ነው።

ከአንድ ቤት ወደ ሰፈር

በላይኛዎቹ ዓመታት የከተማ ፕላንና የከተማ ዲዛይን ይመጣሉ። በገዳሪፍ አካባቢ የዚህን ዕውቀት አስፈላጊነት ስደት ደጋግሞ አሳይቷል። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ያስጠለለ ሥፍራ ነው፤ የትግራይ ጦርነት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሰዎችን ወደ ሱዳን ሲያሻግር ዳግም ተከፈተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቱናይድባ የተባለ የስደተኞች መጠለያ ተጨመረ። ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገረው ሰው ከ60,000 በላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ክረምት ሲቃረብም ነፋስና ዝናብ ብዙ ድንኳኖችን አፈረሱ።

ለእንዲህ ዓይነት ሥፍራ የወጡ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች አሉ። በመጠለያ ውስጥ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ወለል፤ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን ጨምሮ ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር ቦታ፤ በየ300 ሜትሩ እሳት የማያልፈው 30 ሜትር ክፍት መሬት። በክፍል ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ይመስላሉ። በሣርና በእንጨት የተሠሩ መጠለያዎች ተጠጋግተው በቆሙበት ሜዳ ግን 30 ሜትሩ የሕፃናት ሕይወት ነው።

ውል፣ ተግባርና መመረቂያ

ከዚህ ሌላ ተማሪው የሥራ መጠንና ዋጋ ማስላት፣ የሥራ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ውል ማንበብ ይማራል። የኢትዮጵያን የሕንፃ አዋጅም ማወቅ ይኖርበታል። ከመመረቁ በፊት በዲዛይን ቢሮ ወይም በግንባታ ሥፍራ የተግባር ልምምድ ያደርጋል። አናጺው፣ ግንበኛውና ፎርማኑ ከመጽሐፍ የማይገኘውን የሚያስተምሩት በዚህ ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ተማሪው ችግሩን ራሱ መርጦ፣ ቦታውን አጥንቶ፣ ሙሉ ዲዛይን ሠርቶ በጁሪ ፊት ያቀርባል። ለመመረቅ አጠቃላይ ውጤቱ ከ2.00 ማነስ የለበትም፤ ያልተነሣ «ኤፍ»ም ሊኖር አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ዲግሪውም ቢሆን በራስ ስም ፈርሞ ዲዛይን ለማውጣት አይበቃም፤ የሥራ ልምድና የሙያ ምዝገባ ይከተላሉ።

በዚህ ድንበር ላሉ ወጣቶች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ወደ ገዳሪፍ ከተሰደዱት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ሰዎችን ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ መተማ ገፍቷል። ትምህርቱ የተቋረጠበት ተማሪ ሦስት ነገሮችን እንደ ነፍሱ ይጠብቅ፦ ትራንስክሪፕቱን፣ የየኮርሱን ይዘት መግለጫ፣ የስቱዲዮ ሥራዎቹን ፎቶ። ተቀባይ ትምህርት ቤት ያለፈውን የሚቆጥርለት እነዚህን አይቶ ነው። በውጭ አገር የተጠናቀቀ ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ በኢትዮጵያ የአቻ ግምት የሚጠይቀው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ትምህርት ቤቶቻችንም ከዚህ ሜዳ ጋር ሊተዋወቁ ይገባል። የመመረቂያ ፕሮጀክቶች በትልልቅ ከተሞች ሙዚየምና ሆቴል ላይ ብቻ ማተኮር የለባቸውም። በዋልካ ላይ የማይሰነጠቅ ርካሽ ክሊኒክ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት ሕፃናት የሚማሩበት ክፍል፣ እሳት የማይዘልቀው የስደተኞች ሰፈር የአምስቱን ዓመት ዕውቀት በሙሉ የሚፈትኑ ሥራዎች ናቸው። ከመተማ፣ ከሑመራ ወይም ከገዳሪፍ የተነሣ ተማሪ ይህን አፈር ከልጅነቱ ያውቀዋል። የትውልድ ቦታውን ለመመረቂያው ቢመርጥ ዲግሪውን ያገኛል፤ ሥራውም አገሬው አንሥቶ ሊገነባው የሚችል ፕላን ይሆናል።