ጣቷ ያረፈበት ቦታ፦ የታዳጊ ጅምናስቲከኞች ሕመም ሲዳሰስ

ከልምምድ የተመለሰች የ10 ዓመት ልጅ ጫማዋን አውልቃ፣ በእግር ጣቶቿ ብቻ እየረገጠች ወደ መኝታዋ ትሄዳለች። ላያት ሰው ልምምዱ ገና ያልለቀቃት ትመስላለች። እሷ ግን ተረከዟን መሬት ማስነካት ፈርታ ነው። ተረከዟን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ጫን ሲያደርጉት እግሯን ትሰበስባለች። «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ሲሏት አንድ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ ታሳርፋለች።

ያቺ ጣት ብዙ ትናገራለች። «እያደገች ስለሆነ ነው» ተብሎ የሚታለፈው የእድገት ሕመም የራሱ ጠባይ አለው። ማታ ማታ ይመጣል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ልጁም የት እንደሚያመው ሲጠየቅ ጭኑንና ባቱን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ጠዋት እንዳልታመመ ሆኖ ይሮጣል። በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ልምምድ ሲበዛ የሚብስ ወይም የሚያስነክስ ሕመም ግን ሌላ ነው።

የልጅ ረጃጅም አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ ገና ያልጠና ስስ ንጣፍ አላቸው፤ አጥንቱ የሚረዝመው ከዚያ ነው። ጅማት አጥንት ላይ በሚያያዝባቸው ቦታዎችም ተመሳሳይ ለጋ ክፍል አለ። ይህ ክፍል በዙሪያው ካሉት ጅማቶች ይልቅ ስለሚደክም፣ አዋቂን ወለምታ ብቻ የሚያስይዝ ኃይል ልጅን እዚያው የሚያድገው ክፍል ላይ ሊጎዳው ይችላል። ሴቶች ልጆች በአብዛኛው በ11 እና 12፣ ወንዶች በ13 እና 14 ዓመታቸው ገደማ ይመዘዛሉ። አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻው ይዘገያል፣ የተወጠረው ጅማትም የያዘውን ለጋ አጥንት ይጎትታል።

የተረከዙ ሕመም መነሻ ይኸው ነው። የቦስተኑ ሐኪም ጄምስ ሴቨር በ1912 (እ.ኤ.አ.) ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። የጉልበቱ ደግሞ ከሎሚው በታች፣ ቅልጥሙ ላይ እብጠት ሆኖ ይወጣል፤ በ1903 የቦስተኑ ኦስጉድና የዙሪኩ ሽላተር፣ ሳይገናኙ፣ ስለዚሁ ጽፈዋል። ሁለቱም እድገቱ ሲያበቃ በአብዛኛው ይለቃሉ። ዝላዩን ቀነስ ማድረግ፣ ባትንና ጭንን ማሳሳብ፣ በረዶ መያዝ፣ ለተረከዙም ለስላሳ ንጣፍ ይረዳሉ፤ ልጅን ከስፖርቱ የሚያስወጡ ሕመሞች አይደሉም።

የእጅ አንጓ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ጅምናስቲክ እጅን እግር ያደርጋል። በእጅ ሲቆሙ፣ ሲገለባበጡ፣ በዝላይ ጠረጴዛው ላይ በመዳፍ ሲገፉ አንጓው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ አንጓ ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። የሚጎዳው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት የሚያድግበት ጫፍ ነው። ልጅቷ መዳፏን መሬት ላይ ዘርግታ ስትደገፍ ያማታል፤ በፋሻ ሲታሰርላት ሕመሙ ቀለል ሊላት ይችላል፣ ጫናው ግን አልቀረም። ይህ ችላ ሲባል ንጣፉ ያለጊዜው ሊዘጋና አጥንቱ ሊያጥር ይችላል፤ ጎረቤቱ አጥንት ግን ማደጉን ይቀጥላል፣ አንጓውም ለዕድሜ ልክ ሊዛባ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት የጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት እረፍት ይበቃዋል። በአንጓ ሕመም ላይ «ትንሽ ቻይው» የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም።

ወገብም እንዲሁ ነው። ደጋግሞ ወደ ኋላ መለመጥ የታችኛውን የአከርካሪ አጥንት፣ በተለይ አምስተኛውን የወገብ አንጓ፣ ቀስ በቀስ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ መውደቅ አያስፈልግም። በ1976 አሜሪካ ውስጥ 100 ሴት ጅምናስቲከኞች በራጅ ሲታዩ 11ዱ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ተገኝቶባቸዋል። ስንጥቁ ጀማሪ ሲሆን ራጅ ሊስተው ስለሚችል፣ በአንድ እግር ቆማ ወደ ኋላ ስትለመጥ የሚያማትን ልጅ «ራጁ ደህና ነው» ብሎ ወደ ልምምድ መመለስ አይበቃም።

ከአጥንቱ ጀርባ ደግሞ ምግብ አለ። ከምታቃጥለው ያነሰ የምትበላ ልጅ አጥንቷ ይሳሳል፣ የወር አበባዋም ይዘገያል ወይም ይቆማል። የወር አበባ መቅረቱን የጠንካራ ልምምድ ምልክት አድርጎ የሚያይ አሠልጣኝ አደገኛ ስህተት ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ጅምናስቲከኛ ክሪስቲ ሄንሪክ በ1994፣ በ22 ዓመቷ፣ ራስን በማስራብ ሕመም ሞታለች።

ሕመምን መደበቅ እንደ ጀግንነት የተቆጠረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ አሜሪካዊቷ ዶሚኒክ ሞሲያኑ በ14 ዓመቷ፣ ቅልጥሟ በጫና ተሰንጥቆ ሳለ ተወዳድራለች። በማግስቱ ዓመት በአዋቂ ሴቶች ለመወዳደር ትንሹ ዕድሜ 16 ሆነ። ሰውነት ጊዜ ካገኘ የሚችለውን ደግሞ የኡዝቤኪስታኗ ኦክሳና ቹሶቪቲና አሳይታለች፤ በ46 ዓመቷ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ዘልላለች።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን በሰርከስ የሚያድጉ ልጆቻችን በእጅ ይቆማሉ፣ ይተጣጠፋሉ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ከእግራቸው ሥር ያለው ግን ሁልጊዜ ወፍራም ፍራሽ አይደለም። ያበጠ አንጓ ወይም የሚያም ወገብ ሲኖርም መጀመሪያ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ወጌሻ ነው። ወጌሻ የተከበረ ሙያ አለው፤ ሆኖም የሚያድግ አጥንት ላይ ያለ ስንጥቅ በማሸትና በመሳብ አይድንም፣ ሊብስም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ወላጅ በቤቱ ሊያደርገው የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። በየሦስት ወሩ ልጅቷን በር መቃን ላይ አስደግፎ ቁመቷን በእርሳስ ማስመር ነው። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት በድንገት ሲሰፋ፣ ለአሠልጣኟ ይነገረው፤ ለእነዚያ ወራት መዝለሉና መለመጡ ይቀንስ፣ ማሳሳቡና እንቅልፉ ይጨመር።