በአንድ ጊዜ ስንት ኪኒን እንስጥ? አሚትሪፕቲሊንና የድባቴ ሕክምና



ዛሬ የምናገርለት መድኃኒት አዲስ አይደለም። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የድባቴ ሕሙማንን እንደሚረዳ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። አስቀድሞ የሞከረው ለስኪዞፍሬንያ ነበር፤ ለታሰበለት ሕመም አልበጀም፣ ላልታሰበለት በጀ። አሚትሪፕቲሊንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለው። ሞለኪውላቸው የተያያዙ ሦስት ቀለበቶች ስላሉት ትራይሳይክሊክ ተብለዋል። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ አሚትሪፕቲሊን ዛሬም በአገራችን በሰፊው ይታዘዛል።

አሠራሩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ሴሮቶኒንና ኖርኤፒነፍሪን ወደ መጡበት የነርቭ ሕዋስ ተመልሰው እንዳይገቡ ያግዳል። ጣጣው ግን እዚያ ላይ አለማብቃቱ ነው። የአሲቲልኮሊንን ተቀባዮች ስለሚዘጋ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ እይታን ያደበዝዛል። የሂስታሚንን ስለሚዘጋ እንቅልፍ ያመጣል። የደም ሥሮችንም ስለሚያላላ ታማሚው ከተቀመጠበት ድንገት ሲነሣ ያዞረዋል፤ ይህ በአረጋዊ ላይ ሲደርስ መዘዙ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው መጠኑ ሲበዛ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የጊዜውን ቅደም ተከተል አስተውሉ። የጎንዮሽ ጉዳቱ ከመጀመሪያው ሌሊት ሊጀምር ይችላል፤ የስሜቱ መሻሻል ግን ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ታማሚው በሁለተኛው ሳምንት «መድኃኒቱ ጭራሽ አባሰብኝ» ብሎ ቢያቋርጥ፣ ጥፋቱ ቀድመን ያልነገርነው የእኛ ነው። በመኝታ ሰዓት በ25 ወይም በ50 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ እየታየ በየሳምንቱ ይጨመራል፤ ለብዙ አዋቂዎች ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ለአረጋውያን ከዚህ ያነሰ ይበቃል። አረቄና ጠጅ እንቅልፉን ስለሚያከብዱ መከልከል አለባቸው።

ከማዘዛችን በፊት ልብ ድካም፣ የልብ ምት መዛባት፣ ግላኮማ፣ የፕሮስቴት እብጠት፣ የሚጥል በሽታ መኖሩን እንጠይቃለን። ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳያሻው ከመጠን ያለፈ ደስታና ጉልበት የተሰማው ጊዜ ካለም መጠየቅ ግድ ነው፤ ባይፖላር ለሆነ ሰው ይህን መድኃኒት ብቻውን መስጠት ማንያን ሊቀሰቅስ ይችላል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልግባ። መድኃኒቱን የምንሰጠው መኖር ለታከተው ሰው ነው። ለሳምንታት የተሰጠው በአንድ ጊዜ ቢወሰድ ደግሞ ይገድላል። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ስጋት ካለ፣ ፍሉኦክሰቲን ከተገኘ እሱ ይመረጣል፤ ከመጠን በላይ ሲወሰድ አደጋው እጅግ ያነሰ ነውና። ካልተገኘ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚመክረው የአንድ ሳምንት ብቻ ይሰጣል።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ከጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅን ገበሬ «በየሳምንቱ ና» ብንለው ግን አይመጣም፤ ሕክምናውን ያቋርጣል። እኔ የምመርጠው መንገድ ታማሚው ራሱ የመረጠው የቤተሰብ አባል ተጠርቶ አብሮ እንዲመከር፣ መድኃኒቱን በተቆለፈ ሣጥን አስቀምጦ የየዕለቱን እንዲሰጠው ነው። ቁልፉ ሕፃናትንም ይጠብቃል። ሰው ከመጠን በላይ መውሰዱ ከታወቀ፣ ደህና ቢመስልም፣ ወተት በማጠጣትና በማስመለስ ጊዜ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በሰዓታት ውስጥ ሊንቀጠቀጥና ልቡ ሊዛባ ይችላል። በዚያ ኢሲጂ ይነሣል፤ የQRS ሞገድ ከሰፋ ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር ይሰጣል።

የተሻለው ታማሚ ከዳነ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ጠበል ለመግባት ብሎ መድኃኒቱን በአንድ ቀን የሚተው ብዙ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚችል ንገሩት። ማቆሚያው ሲደርስ ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነስለታል፤ ድንገት ከቆመ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። በቤት የተረፈውን ኪኒን ደግሞ ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመልስ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።