«ኤፍ» ምን ያስከትላል?



በመቱም ይሁን በጎሬ፣ በያዮም ይሁን በበደሌ፣ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይጨርስ ሲመለስ የሚወራው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተባረረ» ይባላል። በስንት ኮርስ ወደቀ? መመለስስ ይችላል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጁም የገበያ ቀን ሰው እንዳያየው ከቤት አይወጣም። መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ግን ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። እኛም ብንሆን አስተማሪ ከሆንን በኋላ ብዙዎቻችን በክረምት ለዲግሪ መማራችን አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን በሂሳብ እንየው።

ፕላስና ማይነሱን ትተን፣ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ አለው፤ ኤፍ ዜሮ ነው። ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት ይባዛል፤ ድምሩ ለጠቅላላ ክሬዲቱ ይካፈላል። አንድ ተማሪ ባለ 3 ክሬዲት አምስት ኮርሶች ወሰደ እንበል። ጠቅላላው 15 ክሬዲት ነው። በአራቱ ሲ፣ በአንዱ ኤፍ ቢያገኝ 24 ነጥብ ለ15 ተካፍሎ 1.60 ይሆናል። አያችሁ? ኤፉ ነጥብ አልጨመረም፤ ክሬዲቱ ግን ከማካፈያው አልወጣም። ለመመረቅ ደግሞ ድምር ውጤቱ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት።

ከዚህ የሚከተሉት ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያ ወይም መሰናበት ነው። ውጤቱ ከተወሰነው በታች የሆነ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በጣም ከወረደ ወይም ማስጠንቀቂያው ከተደጋገመ ይሰናበታል። ወሰኑ በየተቋሙ ደንብ ተጽፏል።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ነው። ለሌላ ኮርስ መሠረት የሆነ ኮርስ ካልታለፈ ቀጣዩ አይወሰድም። ካልኩለስ አንድን የወደቀ ሰው ካልኩለስ ሁለት ሊገባ አይችልም። ብዙ ኮርስ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ያንኑ ለመድገም ዓመት ሙሉ መጠበቅ ይመጣል። በክረምት ለሚማር አስተማሪማ ሌላ ክረምት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ጥሩ የሆነውንም አይምረውም። በአራቱ ኮርሶች ቢ፣ በአንዱ ኤፍ ያለው ተማሪ 2.40 አለው። «አይ፣ እኔን ምን ይነካኛል!» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ግዴታ በሆነ ኮርስ ላይ ያለ ኤፍ ካልተነሳ ምረቃ የለም። አራተኛ ዓመት ላይ ሲያስታውሰው ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው እሱ ቀሪ ይሆናል።

እንግዲህ ጉዳቱ ይህን ያህል ከሆነ መውጫ የለውም ወይ? አለው። ያው 1.60 ያገኘው ተማሪ፣ ሳይሰናበት ከቀጠለ፣ በሁለተኛው ሴሚስተር በ15 ክሬዲት 36 ነጥብ ካመጣ ድምር ውጤቱ 2.00 ይሞላል። 36 ነጥብ ማለት ሁለት ቢ እና ሦስት ሲ ነው። ይህ ከሰው አቅም በላይ አይደለም። «ኤፍ ኤክስ» የሚባል ውጤትም አለ፤ ይህን ያገኘ ተማሪ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሱን እንደገና ሳይማር ፈተናውን ብቻ ይደግማል። የተሰናበተም ቢሆን ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት እንደገና ለመግባት ማመልከት ይችላል። «ተባረረ» ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም ማለት ነው። ብዙውን ሰው የሚጎዳው ማፈርና መደበቅ ነው። ማመልከቻ የሚቀበሉበት ቀን ልጁ ቤት ተደብቆ ሳለ ያልፋል።

በዲ ተንጠልጥሎ ማለፍም ቢሆን አያዋጣም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። በሩጫ የታለፈው ኮርስ እዚያ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ነገር ለእኛ ለአስተማሪዎች የሚነግረን አለ። ክፍልፋይ ሳይገባው ወደሚቀጥለው ክፍል የተሻገረ ልጅ ኤፉን የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ፣ ነገሩ የተጀመረው ከእኛ ሰሌዳ ፊት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በየምንመደብበት ቀበሌ አንድ የወደቀ ልጅ ብናገኝ «እንዴት ወደቅህ?» ብለን ከማሸማቀቅ ይልቅ ሦስት ጥያቄዎች አስይዘን ወደ ሬጅስትራር እንላከው። ኮርሱ እንደገና መቼ ይሰጣል? ድምር ውጤቴ ስንት ነው፣ 2.00 ለመሙላትስ ስንት ነጥብ ይቀረኛል? ማመልከቻ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?

ከአንድ ሰልጣኝ